ሁለት ጎማ፣ አንድ ማሰሪያ

ማሪቪል፣ ቴኔሲ
ሜይ 3 ቀን 1988

ለወንድሜ ለአርቪድ ሊንዳል፤

እንዴት ከረምክ? ብርዱ እዚያ ሮክፎርድ እስካሁን አለቀቃችሁም አሉ። እኛ ዘንድ ዛፉ ሁሉ አብቧል። እኔም ደህና ነኝ፤ ብቻ አኩርፌያለሁ። ለምን እንዳኮረፍኩ ዝቅ ብዬ እነግርሃለሁ።

በመጀመሪያ ለጥያቄህ መልስ ልስጥ፤ ሞተሯን አልሸጥኳትም። ማን ሸጠች እንዳለህ አውቃለሁ፤ ልጄ ሮንዳ ናት። ባሌ ሎይድ ነፍሱን ይማረውና ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የሞተው ደግሞ በልብ ሕመም፣ አልጋው ላይ ነው፤ ሞተሯ ምንም አላደረገችውም። እሱ ሲሞት የእኔን ትንሿን ሞተር ትቼ የእሱን ትልቋን ያዝኩ። በስሜ ናት፤ ቁልፏም ኪሴ ውስጥ ነው።

ግን ችግር አለ። አንተም ተመሳሳይዋ ስላለችህ ክብደቷን ታውቀዋለህ፤ ስምንት መቶ ፓውንድ ናት፤ ሻንጣዎቿ ሲሞሉ ደግሞ ላም ታህላለች። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሶፋ ላይ የተቀመጥኩ ያህል ነው። ኩርባ ውስጥ፣ በተለይ አስፋልቱ የተለጣጠፈበት ቦታ ላይ ግን ፊቷን መነቅነቅ ትጀምራለች። መሪው እጄ ውስጥ ወዲህ ወዲያ ይላል፤ ኋላዋም ይከተላል። የሞተረኞች ማኅበራችን ሰብሳቢ ዳረል ፕሩት ከኋላዬ ሆኖ አይቶ፣ «ቨርና፣ የኋላ መብራትሽ ይጨፍራል» አለኝ። እዚያው ቢተወው ጥሩ ነበር። ለሮንዳ ነገራት።

አሁን ሁለቱ መክረው ጨርሰዋል። ኖክስቪል ያለ ሰውዬ የኋላ ጎማዋን አውጥቶ በምትኩ ሁለት ይገጥምላታል፤ ባለ ሦስት ጎማ ትሆናለች፤ ኦገስት 15 ተቀጥሮልኛል። ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ አርቪድ። ሦስት ጎማ ላይ ሊያስቀምጡኝ ነው! ተጣላሁ፣ ጮህኩ፣ በመጨረሻ ቃል ሰጠሁ። ጁላይ 30 ቅዳሜ ሻንጣዎቼን ሞልቼ እዚህ አጠገባችን ያለውን የወፍጮውን ኩርባ በሃምሳ ማይል ፍጥነት አልፋለሁ፤ ዳረል ከኋላዬ ሆኖ ያያል። መብራቴ ካልጨፈረ ቀጠሮው ይሰረዛል፤ የኦክቶበርንም የተራራ ጉዞ እንደ አምናው ፊት ሆኜ እመራለሁ። ከጨፈረ ግን ቁልፉን ለሮንዳ አስረክባለሁ። በንዴት የሰጠሁት ቃል ነው፤ ግን ሰጥቻለሁ።

ስለዚህ እውነቱን ንገረኝ። አንተ ለጓደኞችህ የምትሠራው፣ ከጎማው በላይ ተሻግሮ ሁለቱን የፊት እግሮች የሚያያይዘው የአሉሚኒየም ማሰሪያ ይጠቅማል ወይስ ጌጥ ነው? ሎይድ ጌጥ ነው ይል ነበር።

ስለ ጤናህ ደግሞ ጠይቄህ ነበር። አንተ የጻፍክልኝ ስለ ጎረቤትህ ውሻ ነው።

እህትህ ቨርና


ሮክፎርድ፣ ኢሊኖይ
ሜይ 11 ቀን 1988

ለእህቴ ለቨርና፤

ሰላምታሽ ደርሶኛል፤ ኩርፊያሽም ደርሶኛል። በረዶው ቀልጧል። ውሻውም ደህና ነው።

ሎይድ መልካም ሰው ነበር፤ ዓሣ ማጥመድም ይችልበት ነበር። ስለ ብረት ግን ምንም አያውቅም።

ሞተርሽ የፊት ጎማዋን የያዘችው በሁለት እግሮች ነው። እግሮቹ ከላይ በደንብ ተያይዘዋል። ከታች ግን ጎማው ከሚዞርበት ፐርኖ በቀር የሚያገናኛቸው የለም። ኩርባ ውስጥ ጉብታ ስትመቺ አንደኛው ሲወርድ ሌላው ይዘገያል፤ ጎማው መሃል ላይ ይጣመማል፤ አንቺም መሪው ላይ ይሰማሻል። ማሰሪያው አንድ ላይ ውጡ፣ አንድ ላይ ውረዱ ይላቸዋል። ሥራው ይኸው ነው። ስለዚህ አዎ፣ ይጠቅማል፤ ጌጥ አይደለም።

ግን የታመመ ሞተር አያድንም። አስቀድመሽ የጎማሽን አየር ለኪ፤ ሲበርድ እንጂ ነድተሽ እንደመጣሽ አይደለም። የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥተሽ መሪውን በአንድ ጣት ግፊው፤ መሃል ላይ ያዝ ካደረገሽ የመሪው ኩሽኔታ አልቋል። የእግሮቹንም ዘይት ቀይሪ፤ ሎይድ ቀይሮት እንደማያውቅ እምላለሁ።

ጓደኛሽ ኦፓል በፖስታው ጀርባ ላይ የሞነጨረችውን ጥያቄ አነበብኩት። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ጠጋኝ መሆኗን ነግረሽኛል፤ አከብራታለሁ። ነገር ግን የብሎኑን ቀዳዳ ሰፋ አድርጌ ልተወው? አልተወውም! እኔ በዚህ ከተማ አርባ አንድ ዓመት ለፋብሪካ መሣሪያ የሠራሁ ሰው ነኝ። ቀዳዳ የሚያሰፋው መለካት ያቃተው ነው። የእኔና የአንቺ ሞተር አንድ ዓይነት ናቸው፤ የተሠሩትም በአንድ ዓመት ነው። ከራሴ ላይ ለክቼ እሠራዋለሁ፤ ፀጉር አያስገባም።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ይደርስሻል። ቁልፉን ለማንም አትስጪ።

አርቪድ


ጁን 2 ቀን 1988

ለአርቪድ፤

ዕቃው በሰላም ደርሷል፤ አመሰግናለሁ። የጠቀለልክበት ጋዜጣ ላይ የቤተ ክርስቲያናችሁን የእራት ግብዣ አነበብኩ፤ ዘንድሮም ያንን የኮምጣጤ ዓሣ ልትበሉ ነው። ማሰሪያው እንደ መስተዋት ያበራል። ኦፓል ፀጉሯን አበጠረችበት። ዳረል ደግሞ፣ «ወንድምሽ ለሞተርሽ እግር ብረት ሰደደላት እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

ጎማው ልክ ነው። ኩሽኔታው ደህና ነው። ዘይቱ ሬንጅ ሆኖ ወጣ፤ ስለ ሎይድ የማልከው እውነት ነው። ማሰሪያውን ቅዳሜ ገጠምነው። ብሎኖቹ ትንሽ ተግደርድረው ገቡ።

ስለ አነዳዱ ሌላ ቀን እጽፋለሁ። ይቅርታ አድርግልኝ፤ ዛሬ መጻፍ አልተመቸኝም።

ቨርና


ጁን 9 ቀን 1988

ለቨርና፤

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አጭር ስለሆነ ጊዜ አልወሰደብኝም።

ከተወለድሽ ጀምሮ አውቅሻለሁ። ነገር ስትደብቂ ጨዋ ትሆኛለሽ። «አመሰግናለሁ» እና «ይቅርታ» በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈሽልኝ አታውቂም። በዚያ ላይ ሮንዳ ደውላ ከበረንዳው ደረጃ ወድቀሽ ጉልበትሽን እንደተላጥሽ ነገረችኝ። አንቺ ከደረጃ? በዘጠኝ ዓመትሽ የጎተራውን ጣሪያ ላይ ታች ስትይበት የኖርሽው?

ምን ሆንሽ?

ደግሞ ብሎኖቹ ተግደረደሩ ያልሽውን አልወደድኩትም። እኔ የሠራሁት ብሎን አይግደረደርም። ከእጄ የወጣው ዕቃ ልክ ነው። ስህተት ካለ እዚያ እናንተ ዘንድ ነው፤ ኦፓል ቀኙን በግራ ገጥማው እንደሆነ እዪ።

አርቪድ


ጁን 16 ቀን 1988

ለአርቪድ፤

ከደረጃ አልወደቅኩም። ሮንዳን የዋሸኋት ቀጠሮውን ወደ ነገ እንዳታመጣው ነው።

ምን ሆንሽ ላልከው፤ የወፍጮው ኩርባ ላይ ከመንገድ ወጥቼ ጠጠሩ ላይ ተኛሁ። ፍጥነት አልነበረኝም፤ ቀስ ብዬ ነው የተኛሁት። ጉልበቴ ተላጠ፣ የግራው ሻንጣ ተፋቀ፤ ያየችኝ ኦፓል ብቻ ናት። ከዚህ በላይ ስለዚያ ቀን አልጽፍም።

አሁን ስለ ልኩ ዕቃህ እንነጋገር። ኦፓል ሞተሯን ቀጥ አድርጋ አቁማ ፊቷን በሁለት እጇ ወደ ታች ተጫነቻት። ወረደች። ለቀቀቻት። አልተነሣችም! እንደወረደች ቀረች። ጠብቀን ጠብቀን እኛ ሰለቸን እንጂ እሷ አልተነቃነቀችም። ከዚያ ኦፓል የማሰሪያውን ብሎን ፈታችው፤ ጧ አለና ሁለቱ እግሮች ወደ ውጭ ተመለሱ፤ ፊቷም ብድግ አለች። ገባህ? ማሰሪያህ በእግሮቹ መሃል ካለው ስፋት ያንሳል። ብሎኑን ስናጠብቀው እግሮቹን ወደ ውስጥ ስቦ አነቃቸው። እኔ ኩርባው ውስጥ ጉብታ ስመታ ሞላዎቹ እምቢ አሉ፤ ፊቷ ድንጋይ ሆነ።

ሞተሬና ሞተርህ እህትና ወንድም ቢሆኑ ነው እንጂ አንድ አይደሉም። ለምን አልጠየቅከኝም? ሜትር አለኝ። ዓይን አለኝ። «እህቴ፣ ለክተሽ ላኪልኝ» ማለት ምን ያህል ይከብዳል? በቀለሙ፣ በውበቱ፣ በአርባ አንድ ዓመትህ አልተጣላሁም። የተጣላሁት ሳትጠይቀኝ ስለ እኔ ስለ ወሰንክ ነው፤ ይህን ደግሞ ሮንዳና ዳረል አድርገውብኝ ጠግቤያለሁ።

ጁላይ 30 ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። አሁን ምን ላድርግ? ፉከራ እንዳትጽፍልኝ።

ቨርና


ጁን 23 ቀን 1988

እህቴ ቨርና፤

ይቅርታ አድርጊልኝ። መጀመሪያ ላይ የጻፍኩት በኋላ ብዬ እንዳልሸሸው ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነው። የኦፓልም፣ የጎማውም፣ የማንም አይደለም። ከእጄ የወጣ ዕቃ ተበላሽቶ ተመልሶብኝ አያውቅም፤ ሲመለስ በእህቴ ጉልበት ላይ ተመለሰ።

ለምን አልጠየቅከኝም ላልሽው መልስ አለኝ፤ የሚያኮራ አይደለም። ብጠይቅሽ አንቺም ትጠይቂኝ ነበር። «አንተስ ዘንድሮ እስከ የት ነዳህ?» ትይኝ ነበር። ቨርና፣ እኔ ባለፈው ሴፕቴምበር ሞተሬን ባለ ሦስት ጎማ አድርጌያታለሁ። ጆሮዬ ውስጥ ያለው ነገር ተበላሽቶ ሚዛኔ ጠፋ። የትራፊክ መብራት ላይ ቆሜ እያለሁ ሁለት ጊዜ ከነሞተሬ ወደ ጎን ተኛሁ፤ ሁለተኛው ጊዜ ላይ ያነሡኝ መነኩሲቶች ናቸው። ሐኪሙ ወይ ሦስት ጎማ ወይ አውቶቡስ ምረጥ አለኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ስለ ውሻው የጻፍኩልሽ ለዚህ ነበር።

ሦስት ጎማ ሞት አይደለም። ሐይቁ ድረስ እሄድባታለሁ፤ ዓሣ ማጥመጃዬን ከኋላ እጭንባታለሁ። ግን እኔ ሦስት ጎማ ላይ የወጣሁት ሚዛኔ ስለጠፋ ነው። አንቺ ምንም አልጠፋብሽም። ካልተስማሙት ሁለት እግሮች በቀር ችግር የለብሽም፤ እሱ ደግሞ በብሎን ይስተካከላል። ከሁለታችን አንዳችን እንኳ በሁለት ጎማ እንድንቀር ስለጓጓሁ ያንን ብረት ከልክ በላይ ልክ አደረግሁት። ጉጉቴ ዓይኔን ጋረደኝ።

አሁን ወደ ሥራ። የቢራ ጣሳ ፈልጊ። ክፍተትን ስረግም የኖርኩ ሰው ይህን መጻፌ ቅጣቴ ነው፤ ግን የጣሳ ላሜራ ስስ ነው፣ እኩል ነው፣ አይዋሽም። በመቀስ ቆራርጠሽ፣ ብሎኑ የሚያልፍበትን በስተሽ፣ በማሰሪያውና በእግሩ መሃል አስገቢው። ስንት ድርብ እንደሚበቃ ብሎኑ ራሱ ይነግርሻል፤ ያለ ቁልፍ፣ በጣት ብቻ ዞሮ እስከ መጨረሻው ከገባ በቅቷል። ከዚያ የማሰሪያውንም የፐርኖውንም ብሎኖች አላልተሽ ፊቷን አሥር ጊዜ ተጫኚያት፤ እግሮቹ ቦታቸውን ራሳቸው ይፈልጉ። ማሰሪያውን ቀድመሽ፣ ፐርኖውን መጨረሻ አጥብቂ።

ለኦፓል፦ ቀዳዳው መስፋት ነበረበት። አንቺ ልክ ነበርሽ፤ እኔ ተሳስቻለሁ። ከፈለግሽ ይህችን ቁራጭ ቀደሽ አውቶቡስሽ መስተዋት ላይ ለጥፊያት።

ጉልበትሽ እንዴት ነው?

ወንድምሽ አርቪድ


ጁላይ 12 ቀን 1988

ለምወድህ ወንድሜ፤

ጉልበቴ ድኗል። ኦፓል ቁራጯን አውቶቡሱ ላይ ሳይሆን ወጥ ቤቷ ግድግዳ ላይ በፍሬም ሰቅላታለች። ስለ ሦስት ጎማህ ግን ማንም አልሰማም፤ ሳነብላት ያንን ገጽ ዘለልኩት። እስቅብሃለሁ ብለህ ፈራህ? አለቀስኩ እንጂ አልሳቅኩም። መነኩሲቶቹ ጋ ስደርስ ግን ትንሽ ሳቅኩ፤ እውነቱን ልንገርህ ብዬ ነው።

ጣሳው በግራ በኩል ሁለት፣ በቀኝ በኩል ሦስት ድርብ ፈጀ። ቢራውን ኦፓል ጠጣችው፤ እኔ የሰንበት ትምህርት አስተማሪ ነኝ። እንዳልከው አላላን፣ ተጫንን፣ አጠበቅን። አሁን ፊቷ ሲጫኗት ትወርዳለች፣ ሲለቋት ትነሣለች።

እሑድ በስልክ ለጠየቅከኝ ጥያቄ ግን በደብዳቤ እመልሳለሁ ያልኩህ ረጅም ስለሆነ ነው። «እውነት ተሻላት ወይስ ለአንቺ መሰለሽ?» ነበር ያልከኝ። ዳረልም ነዳጅ ማደያው ጋ ይህንኑ አለኝ።

«ቨርና፣ እሱ ብረት ሞተርሽን ሳይሆን ልብሽን ነው ያሰረልሽ። ሰው አዲስ ነገር ሲገጥም ሁሉም የተሻለ ይመስለዋል። እኔኮ ሞተሬን ሳጥባት እንኳ የፈጠነች ይመስለኛል።»

«ያንተዋማ ብትታጠብም ባትታጠብም ቀርፋፋ ናት» አለችው ኦፓል።

ነገሩ ግን ከነከነኝ። ዳረል ልክ ቢሆንስ? ድፍረቴ ከሐሳቤ ብቻ ከሆነ የፈተናው ቀን ጥሎኝ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ከኦፓል ጋር እንዲህ አደረግን። እኔን ጓሮ ታስቀምጠኛለች። ሳንቲም ወርውራ በደረሳት መሠረት ማሰሪያውን ትገጥማለች ወይም ታወጣለች። በሁለቱም ጊዜ ቁልፍ ታንኳኳለች፣ ትራገማለች፣ እኩል ደቂቃ ትቆያለች። ከዚያ የሥራ ካፖርቷን ጭንቅላቴ ላይ ጥላ እየመራች ኮርቻው ላይ ታወጣኛለች፤ ዘይት ዘይት ይሸታል፣ ሊያንቀኝ ነው። ኮርቻው ላይ ከወጣሁ በኋላ ማሰሪያው ስለማይታይ ካፖርቱን ታነሣልኝና «ሂጂ!» ትላለች። ኩርባውን ደርሼ ተመልሼ «አለ» ወይም «የለም» እላለሁ፤ እሷ ትጽፋለች፤ ፊቷን ግን እንደ ዳኛ አኮሳትራ ምንም አታሳየኝም። በሦስት ቀን አሥር ጊዜ ነዳሁ።

ዘጠኙን አወቅኩ፣ አርቪድ! ከአሥር ዘጠኝ!

የሳትኩት ስምንተኛውን ነው፤ ማሰሪያው እያለ የለም አልኩ። ስለ ዳረል እያሰብኩ ነበር የነዳሁት። ለጓደኞችህ ግን ይህን ንገራቸው፤ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ኖረ አልኖረ ለእኔ ለውጥ የለውም። በዝግታ መታጠፍም ላይ የለውም። ፍሬን ይዤ ኩርባው ውስጥ ስገባ፣ የተለጣጠፈው አስፋልት ጋ ነው መዳፌ የሚያውቀው። ያለ ማሰሪያ መሪውን እለምነዋለሁ፤ በማሰሪያ ግን አዘዋለሁ።

ከሮንዳ ጋር ግን አልተሳካልኝም። የቁጥሩን ወረቀት አሳየኋት፤ አጣጥፋ መለሰችልኝ። «እማዬ፣ አባዬን ቀብሬያለሁ። አንቺን ደግሞ ከመንገድ ላይ ማንሣት አልፈልግም» አለችኝ። ጠጠሩ ላይ መተኛቴንም ያኔውኑ ነገርኳት፤ ውሸቱ ከብዶኝ ነበር። ተነሥታ ሄደች።

ቨርና


ጁላይ 31 ቀን 1988

ለአርቪድ፤

ስልኩን ያላነሣሁልህ ሆን ብዬ ነው። በወረቀት እንዲቀርልኝ ፈለግኩ።

አለፍኩ።

ሻንጣዎቹ ውስጥ የታሸገ ባቄላ ሞላን፤ ዳረል ራሱ በሚዛን መዘነ። በሃምሳ ማይል ገባሁ፣ ወጣሁ። «ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት። «አሁን ደግሞ በሃምሳ አምስት።» ቃላችን ሃምሳ ነበር፤ ግን በጄ አልኩት። በሦስተኛው ላይ ከኩርባው ስወጣ ሄልሜቴ ውስጥ እየዘፈንኩ ነበር።

የለበስሽው ምን ነበር ትለኝ ይሆናል፤ የሎይድን ጃኬት። የፈራሽው የት ላይ ነው ትለኝ ይሆናል፤ ቁርስ ላይ። ከዚያ በኋላ አልፈራሁም።

ዳረል ወርዶ ሄልሜቱን አወለቀ። ከሁላችንም ኋላ በጭነት መኪናዋ ስትከተል የነበረችው ኦፓል በመስኮት ብቅ ብላ፣ «እኔ የሚጨፍር መብራት አይቻለሁ፤ የቨርና ግን አይደለም» አለች። ቆመው የነበሩት ሁሉ በሳቅ ፈነዱ። ዳረል ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ግን ክፉ ሰው አይደለም፤ መጥቶ እጄን ጨበጠኝ። «ኦክቶበር ላይ መሪያችን አንቺ ነሽ» አለኝ። ቀጥሎ በጣም ቀስ ብሎ፣ «ያ ወንድምሽ... ለእኔስ አንድ ይሠራልኝ ይሆን?»

ሮንዳ አልመጣችም። ቃል ቃል ነው ብላ የኖክስቪሉን ቀጠሮ ሰርዛለች፤ ግን አታናግረኝም። ምን ላድርጋት?

ሌላው ነገር፤ ኦክቶበር 8 ና። በሦስትም ጎማ ቢሆን፣ በአራትም ቢሆን ና።

እህትህ ቨርና


ኦገስት 8 ቀን 1988

ለእህቴ ለቨርና፤

ደብዳቤሽን ቁርስ ቤቱ ውስጥ ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ጡረተኞቹ ሁሉ፣ እነዚያ ማንንም አመስግነው የማያውቁ ሽማግሌዎች፣ ጠረጴዛ ደበደቡ። አስተናጋጇ ፓንኬክ ጨመረችልኝ። እኔም አላፈርኩም፤ እንባዬ ፓንኬኩ ላይ ጠብ አለ። ኮርቼብሻለሁ። ይህን ከዚህ በፊት ብዬሽ የማላውቅ ከሆነ የስልሳ ሁለት ዓመቱን በሙሉ አሁን ተቀበዪኝ።

ዳረል ብቻ መሰለሽ? ከማኅበራችሁ ሰባት ሰው ጽፎልኛል። ቀዳዳውን አስፍቼ ነው የምሠራው። ለእያንዳንዳቸውም «መጀመሪያ ራስህ ለክተህ ላክልኝ» ብያለሁ። ዳረል ሁለት ጊዜ ለክቶ ሁለት የተለያየ ቁጥር ላከልኝ። ሦስተኛውን እየጠበቅሁ ነው።

ስለ ሮንዳ፤ አታስረጂያት። እኔ ሰው አስረድቼ ያሳመንኩበትን ቀን አላስታውስም። ዝም ብለሽ ንጂ፤ ዓይን አላት፣ ታያለች።

ስለ ኦክቶበሩ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አይሆንም። በሦስት ጎማ ያን ሁሉ ሰው ፊት? እዚሁ ሆኜ አስብሻለሁ።

አርቪድ


ኦክቶበር 11 ቀን 1988

ለምወድህ ወንድሜ ለአርቪድ፤

በሰላም እንደገባህ ሮክፎርድ ደውዬ ከጎረቤትህ ሰማሁ፤ ውሻውም ደህና ነው አለችኝ። «አይሆንም» ብሎ ጽፎ አርብ ከሰዓት በኋላ በሦስት ጎማ ግቢዬ ውስጥ ከተፍ የሚል ሰው አንተን ብቻ አየሁ። ቅዳሜ ያየኸውን አልደግምልህም። ሰላሳ ሁለት ሞተር ከኋላዬ ተሰልፎ፣ አንተ ሁለተኛ ሆነህ፣ ጢምህ በመስተዋቴ ውስጥ እየተውለበለበ ተራራውን ስንወጣ ነበርክበት። ዳረል ስለ ሦስት ጎማህ ጠይቆህ ምን እንዳልከው ነገረኝ፤ አሁን ለአማቱ አንድ ሊያሠራ ነው።

ያላየኸውን ልንገርህ።

ተራራው ጫፍ ላይ፣ መኪኖቹ የቆሙበት ጋ፣ ሮንዳ ነበረች። ተደብቃ ነው የመጣችው። ከፊት የምትመራው ማን እንደሆነች አይታለች፤ ሰላሳ ሁለቱንም ቆጥራለች። ሳትጠጋን ሄደች፤ እኔም ያንተን ምክር ይዤ አልተከተልኳትም።

ትናንት ሰኞ አንተ ከወጣህ አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም፤ መጣች። ጂንስ ለብሳለች፤ የአባቷን ሄልሜት ይዛለች። ቁርስ ዕቃ እያጠብኩ ነበር።

«ወፍጮው ጋ ውሰጂኝ» አለችኝ።

«ሞተር ላይ?»

«እኔ ሳልቀመጥባት ምን እንደሚሰማ አላውቅማ። ዝም ብዬ ከምፈራ አይቼው ልፍራ።»

«ከባድ ናት እኮ ሁለት ሰው ስንሆን» አልኳት፤ እውነቴን ነው፤ ሎይድ ከሞተ ወዲህ ሰው አስቀምጬ አላውቅም፤ አሁን የፈራሁት እኔ ነበርኩ።

«ወንድምሽ ያን ብረት የሠራው ለባቄላ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ሄድን። ኩርባው ጋ ስንደርስ ወገቤን አጥብቃ ያዘችኝ፤ መተንፈስ አቃተኝ። ፍሬን ያዝኩ፣ አጋደልኳት፣ የተለጣጠፈው አስፋልት ላይ ወጣን። መሪው ዝም አለ፤ ሞተሯ የታዘዘችበት ሄደች። መሃል ላይ የሮንዳ እጆች ሲላሉ ተሰማኝ። ስንወጣ ወገቤን ለቃ ጉልበቷ ላይ አሳርፋቸው ነበር።

ጠጠሩ ጋ አቆምኩ። ዞሬ አላየኋትም፤ እያለቀሰች ከሆነ እንዳላሳፍራት።

«ይበቃሻል? ቤት ልመልስሽ?»

«እንደገና» አለችኝ።

እንደገና ሄድን። ከዚያም እንደገና። በአራተኛው ላይ ኩርባው ውስጥ ስገባ ከኋላዬ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችና በነፋሱ ላይ ጮኸች፤

«እማዬ፣ እዚህ ጋ ለምንድን ነው የምትቀንሺው?»

እህትህ ቨርና